ለታመመው ወንድሜ ስማርት ስልክ ልልክለት ነው፤ ምን ልጫንበት?

እህቱ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። በሙያው ውስጥ ካላችሁም፣ በቤታችሁ ከደረሰባችሁም ምክር እፈልጋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ደሴ ከእናታችን ጋር ይኖራል፤ 26 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ ታመመ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎ የዶርም ጓደኞቹን መጠርጠር ጀመረ፤ በኋላ ሌላው የማይሰማው ድምፅ እንደሚሰማው ነገረን። ጸበልም ሆስፒታልም ሄዷል። ሐኪሞቹ ስኪዞፍሬኒያ ነው አሉን። አሁን በየወሩ ሞዲኬት የሚባል መርፌ ይወጋል፣ ማታ ማታ ደግሞ ኪኒን አለው። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው፤ እናቴን ገበያ ያደርሳታል፣ ኳስ ያያል፣ ይስቃል። ነገር ግን ዓምና መድኃኒቱን አቋርጦ ሲያገረሽበት ከቤት ወጥቶ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው የተገኘው። እኔ የሰማሁት ከተገኘ በኋላ ነው። እናቴ "አንቺን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው" አለችኝ።

አሁን ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ስላገኘሁ ስልክ ልልክለት ነው። ያሰብኩት የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ አፕ፣ የት እንዳለ የሚያሳየኝ ሎኬሽን፣ ከተቻለም ሌሊት መተኛት አለመተኛቱን የማውቅበት ነገር ነው። ለስኪዞፍሬኒያ ተብሎ የተሠራ ፎከስ የሚባል አፕ እንዳለ አንብቤያለሁ፤ እሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ወንድሜ ደግሞ ከታመመ ወዲህ ረጅም ጽሑፍ ማንበብ ይደክመዋል። እናቴ በበኩሏ "መጀመሪያም ያሳመመው ስልክ ነው፣ እንዳትልኪ" ትላለች። የእሷ ስልክ የቁልፍ ነው።

ምን ልጫንበት? ሎኬሽኑን ሳልነግረው ብከፍተው ነውር ነው? እናቴ የምትለውስ እውነት አለው?

ሲስተር (የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ተመላላሽ ክፍል)

እህቴ፣ ከእናትሽ ልጀምር። ስኪዞፍሬኒያ ከስልክ አይመጣም። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ ልጆች ስልክ ከእጃቸው የማይለይበት ዕድሜም ያው ነው፣ ስለዚህ ቤተሰብ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ይሁንና እናትሽን ዝም አታሰኚያት። እሷ ያየችው እንቅልፍ ማጣቱን ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመሙ ሊያገረሽ ሲል ቀድመው ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቲክቶክ ሲያይ የሚያድር ሰው ሕመም ባይኖርበትም ይረበሻል። ስልኩ ማታ ማታ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር የሚል ስምምነት ከመጀመሪያው ቀን ይኑራችሁ።

ስለ ማስታወሻው፦ ወንድምሽ በመርፌ ላይ ከሆነ ከሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት የመርፌው ቀን ነው። ቀኑ ሲያልፍ ወዲያው ምንም አይታይም። "ሳልወጋም ደህና ነኝ" ይላል፤ ቤተሰብም ያምነዋል፤ ከሳምንታት በኋላ ነው ሕመሙ ዱብ የሚለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ካርዱ ላይ ጥር 12 ተብሎ የተጻፈን ቀጠሮ ስልኩ ላይ ጃንዋሪ 12 ብለው ይሞሉታል። ጃንዋሪ 12 ማለት ጥር 4 ነው፤ መሞላት የነበረበት ጃንዋሪ 20 ነው። ልጁ ቀድሞ ይመጣል፣ "ቀንህ አይደለም" ይባላል፣ ተናዶ ይሄዳል፣ በቀኑ አይመለስም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚወሰድን ኪኒን 2፡00 ብለው ይሞሉና ደወሉ ወይ ከቀኑ 8 ሰዓት ወይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጮኻል። የኢትዮጵያ ካላንደር ያለው አፕ ጫኚበት፤ ደወሉን ደግሞ ከመላክሽ በፊት ራስሽ አስልተሽ ሙይው።

ደወሉ ሲጮኽ ስክሪኑ ላይ የመድኃኒቱ ስም እንዳይታይ። ታክሲ ውስጥ፣ ጓደኛ ፊት ይጮኻል። "ውኃ ጠጣ" ብሎ ቢያስታውሰው ይበቃዋል፤ እሱ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ካሜራውም ይጠቅማችኋል። እንደ ሞዲኬትና ሃሎፔሪዶል ያሉት መድኃኒቶች አንዳንዴ አንገት ያጣምማሉ፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቅላሉ፣ መንጋጋ ያቆልፋሉ። ቤተሰብ መንፈስ ነው ብሎ ይደነግጣል። መድኃኒት ያመጣው ነው፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ከደረሰ የሚፈታ መርፌ አለ። ችግሩ አንዳንዴ እኛ ጋ እስኪደርሱ ማለፉ ነው፤ "ምን ሆኖ ነበር?" ስንል እናቶች ለማስረዳት ይቸገራሉ። ፈቅዶ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ካለ ሐኪሙ አይቶ መጠኑን ያስተካክላል ወይም መድኃኒቱን ይቀይራል። ብዙ ሰው መድኃኒት የሚያቋርጠው ረስቶ አይደለም፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ምራቁ ስለሚዝረከረክ፣ ቀኑን ሙሉ ስለሚያፈዘው ነው። ለዚህ ደወል መልስ አይሆንም።

እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ የሚደበዝዝበት ከሆነ ፊደሉን አጉዪለት፤ መጻፍ ትቶ በቴሌግራም ድምፅ ይላክልሽ።

ከሕመሙ ጋር የምኖር (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እኔ ራሴ ታማሚው ነኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ እጠርዛለሁ። ስኪዞፍሬኒያ ያለብኝ ከወንድምሽ ዕድሜ ጀምሮ ነው፤ ሪስፐሪዶን እወስዳለሁ። ስለዚህ ከወንድምሽ በኩል ሆኜ ልጻፍልሽ።

ሎኬሽኑን ሳትነግሪው አትክፈቺው። ነውር ከመሆኑም በላይ ጉዳት አለው። ሲብስብኝ ሕመሜ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፤ "እየተከታተሉህ ነው" ይለኛል። ሐኪሜም ወንድሜም ዓመታት ፈጅተው ያስተማሩኝ "ማንም አይከታተልህም፣ ይህን የሚልህ ሕመሙ ነው" የሚለውን ነው። ወንድምሽ አንድ ቀን ስልኩን ሲነካካ እህቱ በእርግጥ ስትከታተለው እንደነበረ ቢያይ፣ ያን ቀን ሕመሙ እውነት ተናጋሪ፣ እናንተ ሁላችሁ ውሸታም ትሆናላችሁ። ከዚያ በኋላ ኪኒን ስትሰጡት ለምን ያምናችኋል?

አሜሪካ ውስጥ በ2017 አንድ መድኃኒት ተፈቅዶ ነበር፤ አቢሊፋይ ማይሳይት ይባላል። ኪኒኑ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል መሣሪያ አለች፤ ሆድ ውስጥ ስትገባ ሰውነት ላይ ለተለጠፈ ነገር ምልክት ትልካለች፤ ያ ደግሞ ኪኒኑ መዋጡን ለስልክ ይነግራል። ከተፈቀደላቸው ሕመሞች አንዱ ስኪዞፍሬኒያ ነው! ሳነበው ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው። በከፋ ጊዜዬ "ሆዴ ውስጥ የሚያወራ ነገር አስገብተውብኛል" እል ነበር እኮ። የፈቀደው መሥሪያ ቤት ራሱ መሣሪያው ሰዎች መድኃኒታቸውን በሥርዓት እንዲወስዱ ማድረጉ እንዳልተረጋገጠ ጽፏል። እንዲህ ያለውን ነገር ከማሰብ በፊት ታማሚውን ቁጭ አድርጎ ማነጋገር ይቀላል።

ስልክ ግን በጣም ረድቶኛል፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ድምፆቹ የሚበዙብኝ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ዝም ብዬ ስሰማቸው ያይላሉ፤ መልስ ስሰጣቸው ይረግባሉ። ድሮ መልስ ስሰጥ ሰው ይሸሸኝ ነበር፣ ልጆች ይከተሉኝ ነበር። አሁን ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ "አሁን አልችልም፣ ሥራ ልገባ ነው፣ ማታ እንነጋገር" እላቸዋለሁ። ሰልፉ ላይ ያለ ሰው ከሚስቴ ጋር የማወራ ይመስለዋል። ይህን ያስተማረኝ እንደኔው ታማሚ የሆነ ወዳጄ ነው። ለዚህ ኔትወርክም ጥቅልም አያስፈልግም፤ የተበላሸ ስልክም ይሆናል።

ደህና በነበርኩ ጊዜ የራሴን ድምፅ ቀርጬ አስቀምጫለሁ። "ሬዲዮው ስለ አንተ የሚያወራ ከመሰለህ፣ ገላህን መታጠብ ከተውክ፣ የወንድምህን ስልክ ካላነሳህ፣ ሊጀምርህ ነው፤ ከዚህ በፊትም እንዲሁ ነው የጀመረህ፤ ለወንድምህ ንገረው" ይላል። ሌላ ሰው ሲነግረኝ እጣላለሁ። የራሴን ድምፅ ግን እሰማዋለሁ። ምልክት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ወንድምሽ የራሱን ነው መቅረጽ ያለበት፤ ከእናትሽ ጋር ሆኖ፣ አሁን ደህና እያለ።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር ደግሞ ማታ ከመተኛቴ በፊት አንዲት ነጥብ እልክለታለሁ፤ ነጥብ ብቻ። ካልላክሁ ይደውላል። "መድኃኒት ወሰድክ?" አይለኝም፤ "እራት ምን በላህ?" ነው የሚለኝ፤ ከድምፄ ይገባዋል። ስምምነታችን እሱም እንዲያከብረው ነው፤ አንድ ምሽት ነጥብ ስለቀረች ጎረቤት ሰብስቦ በር አይሰብርም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። አሁን ወጣቱ ሁሉ የሚያዋራቸው ቻትቦቶች አሉ። ለደብዳቤና ለትምህርት ጥሩ ናቸው። ሌሊት፣ ጥርጣሬው ሲነሳ ግን አደገኛ ናቸው፤ የነገርሽውን ተቀብሎ ሊያስፋፋልሽ ይችላል፣ "ተው፣ ተኛ" ብሎ እጅሽን የሚይዝ የለም። ወንድምሽ ይህን ከአንቺ ቀድሞ ይስማው።

አባት (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ የወንድማችንን ጽሑፍ በአክብሮት አንብቤያለሁ። ግን የእኔ ቤት የደረሰው ሌላ ነው። ልጄ ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን አንዴ በጣም ከፍ አንዴ ዝቅ የሚያደርገው ሕመም አለባት። ከፍ ሲላት አትተኛም፣ ለሳምንት የሚሆን እቅድ በአንድ ሌሊት ታወጣለች፣ ያላትን ትሰጣለች። አንዴ በቴሌብር የነበራትን ገንዘብ በሙሉ ለማታውቃቸው ሰዎች ልካ ጨረሰች፤ ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። ስንፈልጋት ያደርንበትን ሌሊት ጠላቴም አይየው። ሴት ልጅ ናት፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ማን ምን እንደሚያደርጋት አባት ያውቃል። ያኔ ሎኬሽን ቢኖር ኖሮ ስለ ነውሩ አላስብም ነበር።

ስለዚህ እህታችን ብትከፍተው አልፈርድባትም። ኮምቦልቻ መንገድ ላይ መኪና አለ።

ከሕመሙ ጋር የምኖር (አዲስ አበባ)

አባቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ያ ሌሊት ቀላል አይደለም። እኔም የጠፋሁ ሰው ነበርኩ፤ ወንድሜ ፎቶዬን ይዞ ከመናኸሪያ መናኸሪያ ዞሯል። ሎኬሽን አይኑር አላልኩም፤ አይደበቅ ነው ያልኩት። እኔና ወንድሜ ደህና በሆንኩበት ወቅት ተቀምጠን ጽፈናል፤ በተከታታይ ሌሊቶች ካልተኛሁ ወይም ስልክ ካላነሳሁ፣ ያኔ እንዲያየኝ ፈቅጃለሁ። በዋትስአፕ የቀጥታ ሎኬሽን ለ8 ሰዓት መክፈት ይቻላል፤ ከዚያ በራሱ ይዘጋል። ረጅም መንገድ ስሄድ እኔው ራሴ እከፍትለታለሁ። ገንዘቤም እንዲሁ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ለታክሲና ለምሳ የሚበቃ ነው፣ የቀረው ባንክ ደብተር ላይ፣ ደብተሩም ወንድሜ ጋ ነው። ይህን ያደረግነው ተጣልተን አይደለም፤ እኔው ነኝ ያቀረብኩት። ልጅዎም ደህና ስትሆን ቢጠይቋት ከእርስዎ የበለጠ የጠነከረ ደንብ ልታወጣ ትችላለች። እኛ የሆነውን እናስታውሳለን፤ ሐፍረቱም ከእኛ ጋር ነው የሚቆየው።

ፋርማሲስት (ሚኒያፖሊስ)

ስለ አፖቹ የተጠናውን ላካፍላችሁ፤ ሥራዬ ስለሆነ እከታተለዋለሁ።

እህታችን የጠቀሰችው ፎከስ በዶክተር ድሮር ቤን-ዜቭና ባልደረቦቹ የተሠራ ነው። በቀን 3 ጊዜ "ድምፅ እየሰማህ ነው? እንቅልፍህ እንዴት ነበር?" እያለ ይጠይቃል፣ እንደ መልሱ ምክር ይሰጣል። በ2018 የታተመው ጥናት ቺካጎ ውስጥ 163 ሰዎችን ይዞ ይህን አፕ በማዕከል ተገኝተው ከሚማሩት የቡድን ትምህርት ጋር አወዳድሮታል። ስልኩ ከተሰጣቸው 90 በመቶው ጀምረውታል፤ ወደ ትምህርቱ ከተላኩት የጀመሩት 58 በመቶ ብቻ ናቸው። በመጨረሻ የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ስልክ አይጠቀምም የሚለው አስተሳሰብ ውድቅ ነው ማለት ነው። ፎከስን ግን ከመደብር አውርዳችሁ ለብቻው እንደምትጭኑት ጨዋታ አትዩት፤ ጥናቱ ላይ በየሳምንቱ የሚደውል ሰው ነበረው።

ለእናንተ ሁኔታ የሚቀርበው ይልቅ ቻይና ሁናን ውስጥ ሊዩያንግ በሚባል ቦታ የተሠራው ጥናት ነው። እዚያ ያሉት ታማሚዎች ገጠር የሚኖሩ፣ ከቤተሰብ ጋር ያሉ ናቸው። አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው የተጠቀሙት፤ ስማርት ስልክ አላስፈለገም። ዋናው ነገር መልእክቱ ለታማሚው ብቻ አለመሄዱ ነው፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል ወይም ጎረቤትም ይሄዳል፣ እሱም መድኃኒቱንና ምልክቶቹን ይከታተላል። ቤት ሄደው ሳይታሰብ ኪኒን ሲቆጥሩ መልእክቱ የሚደርሳቸው ከታዘዘላቸው 61 በመቶውን ወስደው ተገኙ፤ መልእክቱ የማይደርሳቸው ደግሞ 48 በመቶውን። ሆስፒታል ተመልሶ መተኛትም ቀንሷል።

የማይሠራበትንም ልንገራችሁ። ኮፐንሃገን ውስጥ ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች ስሜታቸውን በየቀኑ ስልክ ላይ እንዲመዘግቡ ተደርጎ በ2015 ውጤቱ ሲወጣ ከሌሎቹ የተለየ ጥቅም አልታየም፤ እንዲያውም የድብርት ምልክቱ ቆየት ያለባቸው የሚመዘግቡት እንደሆኑ የሚጠቁም ነገር ታየ። በየቀኑ "ከፍቶኛል" ብሎ መመዝገብ ራሱ ሊከብድ ይችላል። አባታችን፣ ለልጅዎ እንዲህ ያለ አፕ ካሰቡ ከሐኪሟ ጋር ይነጋገሩ።

ለማነጻጸር፣ በአገራችን ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ ላለባቸው ሰዎች ከአካባቢው የተመለመሉ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ የረዱበት ጥናት በ2022 ታትሟል። ከጤና ጣቢያው ሕክምና በላይ ይህ ጉብኝት ሲጨመር ሰዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ላይ ተሻሽለዋል። አፕ አልነበረበትም። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ስልኩ የሚጠቅመው በሌላኛው ጫፍ የሚያነሳ ሰው ሲኖር ነው።

እህቱ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከሥራ ስወጣ፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ደወልኩለት። ስለ ስልኩ ነገርኩት፤ የጻፋችሁትንም አነበብኩለት። የታክሲ ሰልፉ ላይ ስደርስ ዝም አለ፤ ከዚያ "ይሄ ሰውዬ ስሙ ማን ነው?" አለኝ። እንደማላውቅ ስነግረው "ድጋሚ አንብቢልኝ" አለ።

ሎኬሽኑን አልፈለገም። ዓምና እንደወጣው ዓይነት ነገር ከመጣ ግን እኔ ሳልሆን አጎታችን እንዲያየው ፈቀደ፤ "አንቺ እዚያ ሆነሽ አይተሽ ምን ታደርጊያለሽ? ታለቅሻለሽ" አለኝ። እውነቱን ነው። አጎታችን እዚያው ደሴ ነው ያለው፣ መኪናም አለው። የመርፌውን ቀን ለእሱም ለአጎታችንም ስልክ ላይ እሞላዋለሁ። ስልኩ ማታ ሳሎን እንደሚያድር እናቴ ስትሰማ ተስማማች። እሱ የጠየቀኝ "ሜሞሪው ስንት ነው?" ብቻ ነው።

ዓምና መድኃኒቱን ለምን እንደተወው ደግሞ ጠየቅሁት፤ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። መንጋጋው ይታሰርበት እንደነበረ ነገረኝ።

ሲስተር፣ አንድ ነገር ይቀረኛል። ሌሊት ቢከፋና አጎቴ ባያነሳ እናቴ ለማን ትደውል?

ሲስተር (የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ተመላላሽ ክፍል)

የመንጋጋውን ነገር ለሚቀጥለው ቀጠሮ አታቆዪው፤ በዚህ ሳምንት ወደሚወጋበት ክፍል ሄዶ ይናገር፣ ለዚያ የሚሰጥ ኪኒን አለ። መርፌውን ግን በራሱ እንዳያቆም።

ለሌሊቱ፣ በእናትሽ የቁልፍ ስልክ ላይ ቁጥሮችን ይዞ በመጫን ብቻ እንዲደወል ማድረግ ይቻላል። 2 ላይ አጎታችሁ፣ 3 ላይ ቅርብ ያለ ጎረቤት፣ 4 ላይ የምታውቁት ባለ ታክሲ ይሁን። ጎረቤቱን እሱ ራሱ ይምረጠው፤ የሚፈራው ሰው ሌሊት በር ላይ መምጣት የለበትም። ስለ ሞት ካወራ፣ መብላትና መጠጣት ካቆመ፣ ወይም ድምፆቹ ራሱን ወይም ሰውን እንዲጎዳ ካዘዙት፣ መልእክት መጠበቅ የለም፤ የሥነ አእምሮ ክፍል ባይኖረውም በቀጥታ ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የቀጠሮ ካርዱና የኪኒኑ ማሸጊያ ፎቶ አጎታችሁ ስልክ ላይ ይቀመጥ፤ ድንገተኛ ክፍል መጀመሪያ የሚጠይቁት "ምን ይወስዳል?" ብለው ነው።